ግራብ ላይ ቀድሞ የሚነሳውን ሲስተም መምረጥ

ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊነክስና ዊንዶውስ አብረው ካሉ፣ ወይም ሁለት ሊነክስ ከጫናችሁ፣ ማብሪያውን በተጫናችሁ ቁጥር ግራብ የሚባለው ቡትሎደር (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሜኑ ዘርግቶ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃችኋል። ዝም ካላችሁት ራሱ ይመርጣል። ምርጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናንተ የምትፈልጉት አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተቀመጠው ነው።

ይሄን መቀየር ከባድ አይደለም፣ አንድ መስመር ነው። የሚከብደው መስመሩ ተቀይሮ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ በኋላ፣ አንድ አፕዴት ገብቶ ከወራት በኋላ ሌላ ሲስተም ሲነሳባችሁ ነው። ለዚህ ነው ገና ከመነሻው አጥብቄ የምናገረው፦ ነባሪውን (ዝም ስትሉት የሚነሳውን ሲስተም) በቁጥር አትምረጡ። በስም፣ ከተቻለ ደግሞ በመለያው (ግራብ ለእያንዳንዱ ምርጫ በሚሰጠው የውስጥ መጠሪያ) ምረጡ። ለምን እንደሆነ እየሄድን እናየዋለን።

ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስታስገቧቸው በላቲን ፊደል ነው፤ ሰረዙ፣ እዝባሩ፣ የእኩል ምልክቱ ሁሉ እንዳለ ይገባል። በግራብ የሚጀምሩት የማስተካከያ ስሞች በሙሉ በትልልቁ ፊደል ይጻፋሉ፣ ከእኩል ምልክቱ በኋላ የሚመጣው ዋጋ ግን በትንንሹ ነው፤ ኮፒ የምታደርጉት መለያ ብቻ እንዳለ ይገባል።

መጀመሪያ ውሳኔው

ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። እናንተ ፊቱ ሳትቀመጡ ኮምፒውተሩ ቢነሳ የትኛው ሲስተም እንዲነሳ ትፈልጋላችሁ? ቁጭ ብላችሁ ከሆነማ በቀስቱ ወርዳችሁ የፈለጋችሁትን ትመርጣላችሁ፣ ነባሪው የሚያስፈልገው ለሌላው ጊዜ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ የሚነሳ ማሽን አለ። ከሩቅ ገብታችሁ ሪስታርት የምታደርጉት አለ። ሌሊት አፕዴት ጨርሶ ራሱን የሚያስነሳም አለ። ማሽኑ ለሌሎች ፋይል የሚያቀርብ ከሆነ፣ ለጨዋታ አልፎ አልፎ ዊንዶውስ ብትገቡም እንኳ ነባሪው ሥራው ያለበት ሊነክስ መሆን አለበት።

የላፕቶፕ ነገር ትንሽ ይለያል። ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ሪስታርት ያደርጋል፤ ነባሪው ሊነክስ ከሆነ አፕዴቱ ሳያልቅ ሊነክስ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ተመልሳችሁ ዊንዶውስን እስክትመርጡለትም ሥራው እንደተንጠለጠለ ይቆያል። ሁለቱንም በየተራ ለምትጠቀሙ ሰዎች ስለዚህ ቋሚ ምርጫ ሳይሆን «ባለፈው የገባሁበት ይነሳ» የሚለው ይሻላል። እሱንም እናያለን።

ደረጃ 1፦ ሜኑውን ተመልከቱ

ሪስታርት አድርጉና ሜኑውን በደንብ እዩት። ምን ምን አለ? በምን ቅደም ተከተል? ስሞቹ እንዴት ነው የተጻፉት?

ሜኑው ጭራሽ ካልወጣ ተደብቋል ማለት ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራው የማሽኑ ፕሮግራም አዲሱ ዩኢኤፍአይ ከሆነ የአምራቹ አርማ ካለፈ በኋላ ኤስኬፕን አንዴ ነካ አድርጉ። ደጋግማችሁ አትጫኑት፣ ወደ ትእዛዝ መስመር ሊጥላችሁ ይችላል። የድሮው ባዮስ ከሆነ ደግሞ ሺፍትን ይዛችሁ ቆዩ።

ዊንዶውስ ተጭኖ እያለ ሜኑው ላይ ከሌለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሌሎች ሲስተሞችን ፈልጎ ሜኑው ላይ የሚያስገባው ኦኤስ-ፕሮበር የሚባል ፕሮግራም ነው፣ በ2021 ከወጣው ግራብ 2.06 ጀምሮ ደግሞ ለደህንነት ሲባል ተዘግቶ ነው የሚመጣው። መፍትሔው ደረጃ 3 ላይ በምንከፍተው ፋይል ውስጥ ይሄን መስመር ማስገባት ነው፦

ግራብ_ዲሴብል_ኦኤስ_ፕሮበር=ፎልስ

መስመሩ ቀድሞ ካለና ፊቱ ላይ # ካለበት ምልክቷን ብቻ አጥፉት። ፕሮግራሙ ራሱ መጫኑንም አረጋግጡ። ከዚያ የደረጃ 4ን ትእዛዝ አስኬዱ፣ አለዚያ ደረጃ 2 ላይ የዊንዶውስን መለያ አታገኙትም። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ዊንዶውስ አሁንም ካልመጣ፣ አንዱ ሲስተም በባዮስ ሌላው በዩኢኤፍአይ መንገድ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ከአንዱ ሜኑ ሌላውን ማስነሳት አይሆንላችሁም።

ደረጃ 2፦ ስሙንና መለያውን አውጡ

ሊነክስ ውስጥ ገብታችሁ ተርሚናል ክፈቱ። ሊነክሳችሁ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ ወይም አርች የሚባለው ከሆነ እንዲህ በሉ፦

ሱዶ ግሬፕ ሜኑኤንትሪ /ቡት/ግራብ/ግራብ.ሲኤፍጂ

መጀመሪያ የሚወጡትን ጥቂት መስመሮች እለፏቸው፣ የውስጥ አሠራር ናቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መስመር አንድ የሜኑ ምርጫ ነው። በጥቅስ ውስጥ መጀመሪያ የምታዩት ሜኑው ላይ የሚታየው ስም ነው። ወደ መስመሩ መጨረሻ አካባቢ ሌላ በጥቅስ የተከበበ ረጅም ጽሑፍ አለ፣ እሱ መለያው ነው። የኡቡንቱ ዋናው መለያ «ጂኤንዩሊነክስ-ሲምፕል» ብሎ ይጀምርና በዲስኩ ክፍል ቁጥር ያልቃል። የዊንዶውሱ ደግሞ በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ «ኦኤስፕሮበር-ኢኤፍአይ» ብሎ ይጀምራል።

አሁን ሦስቱን መንገዶች አነጻጽሩ። ቁጥር ካላችሁ ግራብ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፣ የመጀመሪያው 0፣ ሁለተኛው 1 ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ከላይ አንድ ምርጫ ሲጨመር ወይም ሲነሳ ቁጥሩ ሁሉ ይገፋል። ስም ከዚህ ይሻላል። ሆኖም የዊንዶውስ ስም ብዙ ጊዜ በቅንፍ ውስጥ የዲስኩን መጠሪያ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሌላ ዲስክ ስትሰኩ ያ መጠሪያ ሊቀየር ይችላል። መለያው ግን ከዲስኩ ክፍል የራሱ ቁጥር ጋር የታሰረ ስለሆነ ክፍሉን ካልፎርማታችሁት በቀር አይነቃነቅም። ረጅምና አስቀያሚ ነው፣ ግን ኮፒ አድርጋችሁ ነው የምትለጥፉት፣ ምን ቸገራችሁ።

ደረጃ 3፦ ፋይሉን አስተካክሉ

መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጡ፦

ሱዶ ሲፒ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ.ቢኤኬ

ከዚያ ክፈቱት፦

ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ

የምትፈልጉት መስመር ከላይ አካባቢ ነው፦

ግራብ_ዲፎልት=0

ዜሮውን አጥፉና መለያውን በጥቅስ ውስጥ አስገቡ፦

ግራብ_ዲፎልት="ኦኤስፕሮበር-ኢኤፍአይ-..."

ነጥብ ነጥብ ያልኩት ቦታ ላይ ከደረጃ 2 ያገኛችሁት የራሳችሁ ቀሪ ቁጥር ይገባል።

በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አትተዉ። ይሄ ፋይል የሚነበበው እንደ ሼል ስክሪፕት ነው፣ ክፍት ቦታ ካገኘ የግራውን ወይም የቀኙን ቃል እንደ ትእዛዝ ሊያስኬደው ይሞክርና ስህተት ይላችኋል። አንድ ፊደል ብትስቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ግራብ የጻፋችሁትን ስም ሜኑው ውስጥ ካጣው ምንም ሳይናገር የመጀመሪያውን ምርጫ ያስነሳል። «ቀይሬው ነበር እኮ፣ አልሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የተያዙት፤ እንዲህ ከገጠማችሁ መጀመሪያ የፊደሉን ነገር መርምሩ።

እዛው እያላችሁ ሰዓቱንም አስተካክሉ። ግራብ_ታይምአውት የሚለው ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ይነግረዋል። 5 ለብዙ ሰው ይበቃል። 0 ካላችሁት ሳይጠብቅ ያስነሳል፣ -1 ካላችሁት እስክትመርጡ ድረስ ለዘላለም ይቆማል። ያለ ሰው የሚነሳ ማሽን ላይ -1 በፍጹም አታድርጉ፣ ሜኑው ላይ ቆሞ ይቀራል። ሁለት ሲስተም ባለበት ማሽን ላይ 0ንም አልመክርም፤ አንድ ቀን ነባሪው አልነሳ ሲል ሌላውን የምትመርጡበት ጊዜ ያሳጣችኋል። ሜኑው እንዲታይ ደግሞ፦

ግራብ_ታይምአውት_ስታይል=ሜኑ

ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ደረጃ 4፦ ሜኑውን እንደገና አሠሩት

እስካሁን የጻፋችሁት ነገር ግራብ ጋ አልደረሰም። ግራብ ሲነሳ የሚያነበው ግራብ.ሲኤፍጂ የሚለውን ፋይል ነው፣ እሱ ደግሞ ከማስተካከያው ፋይል ተነስቶ በትእዛዝ ነው የሚሠራው። ግራብ.ሲኤፍጂን በእጃችሁ አትንኩት። ራሱም አናቱ ላይ አትንኩኝ ይላል፣ አዲስ ከርነል (የሊነክሱ እምብርት) ሲገባ እንደገና ስለሚጻፍ የጨመራችሁት ሁሉ ይጠፋል።

ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ፦

ሱዶ አፕዴት-ግራብ

አርች ላይ፦

ሱዶ ግራብ-ኤምኬኮንፊግ -ኦ /ቡት/ግራብ/ግራብ.ሲኤፍጂ

ፌዶራ ላይ ስሙ ግራብ2-ኤምኬኮንፊግ ይሆናል፣ ፎልደሩም ግራብ2 ነው። አዳዲሶቹ ፌዶራዎች ላይ ዩኢኤፍአይ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ትንሽ ግራብ.ሲኤፍጂ አትጻፉበት፣ እሱ ወደ ዋናው የሚጠቁም ብቻ ነው።

ትእዛዙ ሲሄድ የሚያወጣውን አንብቡ። ያገኛቸውን ከርነሎች ይዘረዝራል፣ ዊንዶውስ ካለ እሱንም ይጠራዋል። ኦኤስ-ፕሮበር እንደማይሠራ የሚያስጠነቅቅ መስመር ካያችሁ ደረጃ 1 ላይ ያልኳችሁን ረስታችኋል።

ባለፈው የገባሁበት ይነሳ

ይሄን ከመረጣችሁ ደረጃ 3 ላይ መለያ አታስገቡም። በሱ ፋንታ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጻፉ፦

ግራብ_ዲፎልት=ሴቭድ
ግራብ_ሴቭዲፎልት=ትሩ

ከዚያ ደረጃ 4ን ድገሙ። ከዚህ በኋላ ከሜኑው የመረጣችሁት ሁሉ ይመዘገባል፣ ሌላ እስክትመርጡም ያው ይነሳል። የዊንዶውስ አፕዴት ችግር በዚህ ተፈታ፣ ዊንዶውስ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል።

ሁለተኛውን መስመር ከተዋችሁና የመጀመሪያውን ብቻ ካስገባችሁ ደግሞ ግራብ ራሱ አይመዘግብም፣ እናንተ ናችሁ በትእዛዝ የምታስመዘግቡት፦

ሱዶ ግራብ-ሴት-ዲፎልት መለያው

እኔ ለሰርቨር የምወደው ይሄን ነው። አንድ ሰው ሜኑው ላይ ነካክቶ ሲሄድ ነባሪው አይቀየርም፣ እናንተ ስትፈልጉ ግን ፋይል ሳትከፍቱና ሜኑውን እንደገና ሳታሠሩ ትቀይሩታላችሁ።

አሁን ምዝገባው የሚቀመጥበትን ቦታ ልብ በሉ። ግራብኢኤንቪ የምትባል 1024 ባይት የሆነች ፋይል ናት። ግራብ ገና ሲስተሙ ሳይነሳ ስለሚሠራ ፋይል እንደልቡ መጻፍ አይችልም፣ ይቺን ፋይል ግን የተቀመጠችበትን የዲስክ ቦታ ቀጥታ በመተካት ይጽፍባታል። ይሄ ኤክስት4 በሚባለው የተለመደ የዲስክ አደራጃጀት ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። የቡት ፎልደሩ ቢቲአርኤፍኤስ፣ ዜድኤፍኤስ፣ ኤልቪኤም ወይም ሬይድ በሚባሉት ሌሎች አደራጃጀቶች ላይ ከሆነ ግን ግራብ ብዙ ጊዜ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይሆንለትም፣ «ባለፈው የገባሁበት» የሚለውም አይሠራላችሁም። እንዲህ ዓይነት ማሽን ካላችሁ ወይ ቡትን ለብቻው ኤክስት4 ላይ አድርጉት፣ ወይ ቋሚውን መንገድ ተከተሉ። የተመዘገበውን ማየት ስትፈልጉ፦

ሱዶ ግራብ-ኤዲትኢኤንቪ ሊስት

ለአንድ ጊዜ ብቻ

ሊነክስ ውስጥ ሆናችሁ አሁን ዊንዶውስ መግባት ፈለጋችሁ፣ ነባሪው ግን እንዳለ ይቆይ። ከሩቅ ለምትሠሩ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሱዶ ግራብ-ሪቡት መለያው

ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። የሚቀጥለው መነሳት ብቻ ወደዛ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ነባሪው ይመለሳል። ቅድም ያነሳሁት የመጻፍ ነገር እዚህም አለ፣ እዚህ ላይ እንዲያውም ይብሳል። ግራብ ትእዛዙን ከፈጸመ በኋላ ማጥፋት ካልቻለ የአንድ ጊዜው ቋሚ ሆኖ ይቀራል። ቢቲአርኤፍኤስ ወይም ኤልቪኤም ላይ ያለ ማሽንን ከሩቅ በዚህ ትእዛዝ ወደ ዊንዶውስ ከመስደዳችሁ በፊት ዊንዶውሱ ውስጥ ከሩቅ መግባት እንደምትችሉ እርግጠኛ ሁኑ።

የቆየ ከርነል ነባሪ ማድረግ

አዲስ ከርነል ገብቶ ዋይፋዩ ወይም ስክሪኑ እምቢ ሲል ወደ ቀድሞው መመለስ ያምራል። የቆዩት ከርነሎች «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሚለው ንዑስ ሜኑ ውስጥ ናቸው፣ ወደ ውስጥ ለመግባት ግራብ የ> ምልክት ይጠቀማል። ለምሳሌ "1>2" ማለት ከዋናው ሜኑ ሁለተኛውን ክፈት፣ በውስጡ ሦስተኛውን አስነሳ ማለት ነው። ኡቡንቱ ላይ ንዑስ ሜኑው እያንዳንዱን ከርነል ከነሪከቨሪው (ከመጠገኛ ምርጫው ጋር) ስለሚዘረዝር ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ቀጥሎ ያለው ከርነል ነው።

ቁጥር ለምን እንደማልወድ እዚህ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው። ሌላ አዲስ ከርነል በገባ ቀን "1>2" ያላችሁት ቦታ ላይ ያ ያስቸገራችሁ ከርነል ይቀመጣል። በመለያ ጻፉት፣ የንዑስ ሜኑው መለያ፣ ከዚያ >፣ ከዚያ የከርነሉ መለያ፣ ሁሉም በአንድ ጥቅስ ውስጥ። ጥቅሱን እንዳትረሱ፣ ያለሱ ሼሉ > የምትለዋን ሌላ ነገር አድርጎ ይረዳታል። ከርነሉ ራሱ የማያስፈልጉ ፓኬጆችን በሚያጠፋው አውቶሪሙቭ እንዳይጠፋም በአፕት-ማርክ ሆልድ ትእዛዝ ያዙት።

ፌዶራ ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ነባሪው ከጅምሩ ሴቭድ ነው፣ ከርነል ለመምረጥም ግራቢ የሚል ትእዛዝ አለ፦

ሱዶ ግራቢ --ኢንፎ=ኦል

ኦል በትልልቁ ፊደል ነው። ዝርዝሩን ካያችሁ በኋላ --ሴት-ዲፎልት ብላችሁ የከርነሉን ፋይል ሙሉ አድራሻ ትሰጡታላችሁ። አለቀ።

ግራብ ጭራሽ ካልመጣ

ሁሉን በትክክል አድርጋችሁ ኮምፒውተሩ ቀጥታ ዊንዶውስ ከገባ ጥፋቱ ግራብ ላይ አይደለም። ከግራብ በፊት ሌላ ወሳኝ አለ፣ እሱም የማሽኑ ፈርምዌር ነው። ዩኢኤፍአይ የራሱ ዝርዝር አለው፣ የዊንዶውስ ትልልቅ አፕዴቶች ደግሞ አንዳንዴ ራሳቸውን አናት ላይ ያወጣሉ። ከሊነክስ ሆናችሁ ለማየት፦

ሱዶ ኢኤፍአይቡትኤምጂአር

ቡትኦርደር በሚለው መስመር ላይ አራት አራት አሃዝ ያላቸው ቁጥሮች ታያላችሁ፣ ከሥር ደግሞ የየትኛው ሲስተም እንደሆኑ። ሊነክሱ 0003 ዊንዶውሱ 0000 ከሆነ፦

ሱዶ ኢኤፍአይቡትኤምጂአር -ኦ 0003,0000

ቁጥሮቹን ከራሳችሁ ዝርዝር ውሰዱ፣ ሌሎቹንም ከኋላ አስከትሏቸው፣ ያልጠቀሳችሁት ከቅደም ተከተሉ ይወጣል። አንዳንድ ፈርምዌር ይሄን ትእዛዝ ተቀብሎ መልሶ ይረሳዋል። ያኔ ሴታፑ ውስጥ ገብታችሁ በእጅ ማስተካከል ነው፣ መግቢያ ቁልፉ ከጠፋባችሁ ሲስተምሲቲኤል ሪቡት --ፈርምዌር-ሴታፕ ብትሉ ብዙ ማሽኖች ላይ ቀጥታ ያስገባችኋል።

ሁለት ሊነክስ የጫናችሁ ደግሞ ይሄን ክፍል ከሁሉም በላይ ልብ በሉ። እያንዳንዱ ሊነክስ የራሱን ግራብ ይጭናል፣ ሜኑውን የሚያዘው ግን በፈርምዌሩ ዝርዝር ቀድሞ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ኡቡንቱ ቀዳሚ ሆኖ እናንተ ዴቢያን ውስጥ ገብታችሁ ማስተካከያውን ብትቀይሩ ምንም አይለወጥም፣ ያስተካከላችሁት ማንም የማያየውን ሜኑ ነው። ከዚህም ሌላ ዴቢያኑ አዲስ ከርነል ሲያገኝ የኡቡንቱ ሜኑ አያውቅም፣ ኡቡንቱ ገብታችሁ አፕዴት-ግራብ እስክትሉ ድረስ የድሮውን ከርነል ነው የሚያስነሳላችሁ። ከሁለቱ ብዙ የምትጠቀሙበትን ቀዳሚ አድርጉ፣ ማስተካከያውን ሁሉ እሱ ላይ ብቻ ሥሩ።

የሜኑውን ቅደም ተከተል ራሱ መለወጥ

ዊንዶውስ ነባሪ ይሁን ብቻ ሳይሆን ከላይ ይታይ የምትሉ ካላችሁ፣ ሜኑው የሚሠራው /ኢቲሲ/ግራብ.ዲ ውስጥ ካሉት ስክሪፕቶች ነው፣ በስማቸው ፊት ባለው ቁጥር ተራ ይሄዳሉ። 10_ሊነክስ የሚለው ሊነክሱን፣ 30_ኦኤስ-ፕሮበር የሚለው ሌሎቹን ያስገባል። ሁለተኛውን 09 ብላችሁ በኤምቪ ስሙን ብትቀይሩት ዊንዶውስ ወደ ላይ ይወጣል። ይሠራል፣ ግን እኔ አልመክረውም፤ ግራብ ሲታደስ የስሙ ለውጥ ግራ ሊያጋባው ይችላል፣ በመለያ ከመረጣችሁ ደግሞ ቦታው የትም ቢሆን ለውጥ የለውም።

መጨረሻ ላይ ሞክሩት

ሪስታርት አድርጉና ምንም ሳትነኩ ጠብቁ። ሜኑው ሲወጣ ነባሪው ላይ ቀለም ተቀብቶ ታዩታላችሁ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ እሱ መነሳት አለበት። ቀስቱን ከነካችሁ ቆጠራው ይቆማልና ፈተናው አይሆንም። ከዚያ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ደግማችሁ አብሩት፣ የሪስታርትና የማብራት መንገድ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ዊንዶውሱ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው) ካለው ከመሞከራችሁ በፊት የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ሌላ ቦታ ጽፋችሁ ያዙ፣ በግራብ በኩል ሲነሳ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ያለፈው መነሳት ሳይሳካ ከቀረ ሜኑው እናንተ ያላችሁትን ሰዓት ትቶ 30 ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ይሄ ከሆነባችሁ ማስተካከያው ፋይል ውስጥ ግራብ_ሪኮርድፌይል_ታይምአውት=5 ብላችሁ ጨምሩና አፕዴት-ግራብን አንዴ ድገሙት።